ኋላ አልተነገረንም እንዳትሉ

ወንድሞቼ፣ ከአርማንያ ቁልቁለት ግርጌ ጀምሮ እስከ ጀውሃና አጣዬ ድረስ በዚህ ቆላ አብረን ያረጀን ሁሉ፣ ይህን ቃል የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለወጣቶቹ አልጻፍኩትም። በለቅሶ ድንኳን ከላይ የምንቀመጠው፣ ልጅ የምንድረው፣ ደም የምናደርቀው፣ እንግዳ ወደ መንደር ሲዘልቅ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» የምንለው እኛ ነን። በልጆቻችን ጉበት ላይ ስለሚደርሰውም ቀድመን የምንጠየቀው እኛው ነን።

የዕድራችንን መዝገብ ለብዙ ዓመት የያዝኩት እኔ መሆኔን ታውቃላችሁ። የሟች ስም፣ ቀኑ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍበታል። ከዳር በኩል ደግሞ ምን እንደገደለው የሚጻፍባት ጠባብ ቦታ አለች። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ ያሰመርኳት። ሰሞኑን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት። በዚያች ጠባብ ቦታ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ደጋግሞ የሚመጣው ቃል «የወፍ በሽታ» የሚል ነው። አንዳንዱ ላይ «ሆዱ ተነፍቶ»፣ አንዳንዱ ላይ «ደም አስታውኮ» ብያለሁ። እንዲህ የተጻፈላቸው ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች አይደሉም። ማሽላ ሲጠብቁ የሚያድሩ፣ በትምባሆው እርሻ በቀን ሥራ የኖሩ፣ ማሾ ጭነው ገበያ የሚወጡ፣ ልጆቻቸው ገና ያልጠነከሩ ሰዎች ናቸው።

ታናሽ ወንድሜም እዚያ ውስጥ አለ። ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርት ያለማ ነበር። መጀመሪያ ድካም ያዘው፤ የቆላው ሙቀት ነው አልነው። ቀጥሎ እህል አልወስድልህ አለው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን ግን ሁላችንም በአንድ አፍ «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» አልን። ወደ አንድ መድኃኒት አዋቂ ወሰድነው፤ ክንዱ በጋለ ብረት ተተኮሰ፣ ሥር ተቀጥቅጦ በባዶ ሆዱ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ እግሩ አበጠ፣ ትከሻውና ክንዱ ግን አጥንት ብቻ ቀረ። አንድ ሌሊት ሳፋ የሚሞላ ደም አስታወከና ሳይነጋ አረፈ። ጧት መዝገቡን ከፍቼ «የወፍ በሽታ» ብዬ ጻፍኩ። ወፍ እንዳልነካው ዛሬ አውቃለሁ። የጻፍኩትን ልሰርዝ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። ያኔ ምን ያህል ጨለማ ውስጥ እንደነበርን ይመስክርብኝ።

የገዳዩ ስም ሄፓታይተስ ቢ ነው። በደምና በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ተንኰሉ አለመቸኰሉ ላይ ነው። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከሚይዛቸው ሕፃናት ከ10ሩ 9ኙ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት ይኖራሉ። ጎልማሳ ሆኖ የያዘው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያባርረዋል፤ ከ20 ሰው በአንዱ ላይ እንኳ አይዘልቅም። ስለዚህ በ35 ዓመቱ ደም አስታውኮ የሚሞተው ሰው ትናንት የታመመ አይደለም። በተወለደባት ሌሊት ወይም ገና ድክ ድክ ሲል የገባ ነገር ነው። ከብት ሲያግድ አብሮት ነበረ፣ ሲያገባ አብሮት ነበረ፣ ልጅ ሲወልድ አብሮት ነበረ። ጉበት ደግሞ እንደ ጥርስ አይጮኽም። ዝም ብሎ ጠባሳ ላይ ጠባሳ ይደርባል፣ ይጠጥራል፣ ካንሰርም ያበቅላል፤ ሆድ ውሃ ቋጥሮ ለጎረቤት የሚታየው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ ተሸክመው እንደሚኖሩና በ2022 ብቻ 1.1 ሚሊዮን ያህል እንደሞቱበት ጽፏል። የዓለምን የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የተሸከሙ 10 አገሮች ሲዘረዘሩ ኢትዮጵያ ከመካከላቸው አለች። ቻይናና ሕንድ ከሰዉ ብዛት የተነሣ ቢገቡ አይገርምም። እኛ ከእነሱ ጋር በአንድ መስመር መጻፋችን ግን እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ቤት የፈረሰው በዚህ ነውና። በገበታ አይተላለፍም። በመተቃቀፍ፣ በሳል፣ በአንድ ጣሳ ውሃ በመጠጣት አይተላለፍም። ቫይረሱ አለበት ተብሎ ሳህኑ የተለየበት ልጅ ካለ፣ ዛሬውኑ ወደ ማዕዱ መልሱት።

የተነፋ ሆድ ሁሉ ግን አንድ በሽታ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን ቀበርነው እንጂ ውስጡ የተለያየ ነው። በዚህ በመስኖ አገር ልጆች የሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። እሱም ጉበትን ያጠጥራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ እንደ ወንድሜ ደም ያስታውካል፤ በመድኃኒት ግን ትሉ ይሞታል። በትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ፣ ጸዓዳ እምባ በምትባል ቀበሌ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሆዱ እየተነፋ አለቀ። የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተባብረው እህሉንና ውሃውን እስኪመረምሩ ድረስ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። በመጨረሻ ጥርጣሬው ያረፈው ከእህሉ ጋር በሚታጨድ መርዛም አረም ላይ ነው። በሐረር ደግሞ ሐኪሞች መንስኤው የማይታወቅ የጉበት ሕመም ሲበዛባቸው ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 150 ሕሙማንን ከ300 የጉበት ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ውጤት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ከፍ ያለ ስጋት እንደሚያመጣ፣ መጠኑ ሲጨምርም ስጋቱ እንደሚጨምር ነው። ይህን የምጽፈው ከምሳ በኋላ ጫቱ በሚዘረጋበት አገር ተቀምጬ ነው፤ ማንን እንደሚመለከት እናንተው ታውቃላችሁ።

የጉድጓዱ ማሽላ ነገርም አለ። ዝናብ ሰርጎበት የሻገተውን እህል እንለቅመዋለን፣ ለጠላ ይሆናል እንላለን፣ ለድሃ እንሰጣለን። ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ እሳት በቀላሉ አያጠፋውም። በራሱ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሲመገበው ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተባዛ ስጋቱ ከሁለቱ ድምር በላይ ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት አገር ላይ ነን።

ይህን ሁሉ የሚለየው ምርመራ ነው። የእኔ መዝገብ አይለየውም። መድኃኒት አዋቂውም አይለየውም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። ብዙዎቹ ይህ ቫይረስ እንዳለባቸው የሚሰሙት ከሐኪም አፍ አይደለም። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ አዲስ አበባ ላይ ሜዲካል ሲመረመሩ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበትን ሠራተኛ አይቀበሉም። የእኅቴ ልጅ ለደላላ የከፈለውን ተበድሮ፣ ሻንጣ ገዝቶ፣ ተመርቆ ወጣ፤ በሳምንቱ ተመለሰ። «ሜዲካል ወደቅኩ» ብቻ አለ። ውጤቱን የሰጡት ሰዎች «አታልፍም» ከማለት በቀር የት ሄዶ እንደሚታከም፣ እናቱና እኅቶቹ መመርመር እንዳለባቸው አንድ ቃል አልነገሩትም። እሱም ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ደበቀ። እንደሱ የወደቁ ጓደኞቹ በጅቡቲና በየመን በኩል፣ በባሕር፣ ያለ ወረቀት ሄደዋል። እኛ ደግሞ «ዕድሉ አልቀና አለው» ብለን አጽናናነው። ዕድሉ አልነበረም ወንድሞቼ። የታናሽ ወንድሜን ሞት ምክንያት የነገረን ያ ወረቀት ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ዘግይቶ የመጣ መልእክት። ከፍራሹ ሥር ያወጣነው እህቴ ቤት ስትጠርግ አግኝታው ነው። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ተመረመርን። እኔም አለብኝ። በ70 ዓመቴ አወቅሁት። እናታችን ሳታውቀው ሰጥታን እንደሄደች እገምታለሁ፤ ነፍሷን ይማር፣ እሷን የሚወቅስ አንደበት የለኝም።

የምለምናችሁ ነገር የተንጠለጠለው ከዚህ በኋላ በማወራው ላይ ነውና ታገሡኝ።

ቫይረሱ የታወቀው የሩቅ አገር ሰዎች ደም በአንድ ጠረጴዛ ላይ በመገናኘቱ ነው። ባሩክ ብላምበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች የአንዱን ደም፣ ደጋግሞ ደም ይሰጠው ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ሕመምተኛ ደም ጋር ሲያገናኝ ሁለቱ ተያያዙ። የነገሩን ትርጉም ለማወቅ ዓመታት ፈጀበት። ክትባቱ የተገኘው ከዚያ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሕፃናትን ስትከትብ በልጆች ላይ የሚደርሰው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ወረደ። ከአፍሪካ ጋምቢያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ጋር ሆና ልጆቿን ከትባ እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተለች። ለእኛ ክትባቱ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት የአምስትዮሽ ክትባት ጋር። ይህን ዓመት ያዙልኝ። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጃችሁ ሁሉ፣ ዛሬ በሬ የሚጠምደው፣ ዛሬ የምትወልደው፣ ክትባቱን በሕፃንነቱ አላገኘም።

ክትባት ግን አስቀድሞ የገባውን አያወጣም። ለተያዘው መድኃኒት ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ቫይረሱን ከሥሩ አይነቅለውም፣ አፉን ግን ይዘጋዋል። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝ፣ ከአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ነጋ በርሄ፣ ከኖርዌይ ደግሞ ዶክተር አስጌር ዮሃኔሰንና ባልደረቦቻቸው ሆነው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ጀመሩ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በዚህ ስፋት እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነበር። ከሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ነጋ በርሄ ከዚያ አስቀድሞ የቢልሃርዚያን የጉበት ጠባሳ በአልትራሳውንድ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የተቋሙ ስም የተሰየመላቸው አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዚያን መንገድ የሚዘጋ ነገር ከአገራችን ተክል ያገኙ ናቸው። ይህ እውቀት ከሰማይ እንደወረደብን አድርገን እንዳንቈጥረው ብዬ ነው ያነሣሁት።

በዚያ ሆስፒታል አንድ ከባድ ነገር ታየ። ሁሉም ቫይረሱ ያለበት ሰው ወዲያው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ጉበቱ መጎዳት የጀመረው ተለይቶ ነው የሚሰጠው። ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ነበረ። መሣሪያ በሌለበት አገር ከደም ውስጥ አንድ የጉበት ኢንዛይምና የፕሌትሌት ቁጥር ተወስዶ ይሰላል፤ ውጤቱ ከ2 ከበለጠ ጉበቱ ጠጥሯል ይባላል። ይህ 2 የሚለው ቁጥር የተቆረጠው በአብዛኛው በሌላ አገር ሰው ጉበት ላይ ነው። ጳውሎስ ላይ ግን ፋይብሮስካን የሚባል፣ የጎን አጥንት ላይ ተጠግቶ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ነበረና መመሪያውን ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር ማስተያየት ተቻለ። በ2011 ዓ.ም. ዶክተር ሐና አበራና ባልደረቦቿ ያገኙትን አሳተሙ፤ መመሪያው በኢትዮጵያ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ግማሹን ሳያያቸው ያልፋል።

ግማሹን! መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው መካከል እያንዳንዱ ሁለተኛ ሰው «ደህና ነህ፣ ሂድ» ሊባል ነበር። ክፋት አልነበረበትም። የእኛ ጉበት በሚዛኑ ላይ ስላልተቀመጠ ነው።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ የ8 የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞች የሕሙማኖቻቸውን መረጃ አንድ ላይ አፈሰሱ፤ ከ3,500 በላይ ሰው ሆነ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ያንኑ አጸና፦ ለአፍሪካ ሰው 2 የሚለው መቁረጫ እጅግ ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መመሪያውን አዲስ አድርጎ ለሕክምና የሚያበቃውን ቁጥር ወደ 0.5 አወረደ። በዚያ ክርክር ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ክንዳቸውን የሰጡ ሰዎች ደም ተናግሯል። ስማቸውን አናውቅም፤ ነገር ግን ዛሬ መድኃኒት የሚጀምር ሁሉ የእነሱ ባለዕዳ ነው።

እዚያው ሆስፒታል ሌላ ነገርም ተጠንቷል። ሕክምና ጀምረው ከሞቱት መካከል ጎልተው የታዩት ጉበታቸው ተሸንፎ፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ሰውነታቸው ከስቶ የደረሱት ናቸው። መድኃኒቱ አልሰነፈም፤ ሰዎቹ ዘግይተው ነው የመጡት። ለምን ዘገዩ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ወንድሜን ማን እንዳዘገየው ነግሬያችኋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የተለካው ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ነው። ከዚህ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል። በራሳ ሜዳ ከብት የሚከተለው፣ ማሽላ ማማ ላይ የሚያድረው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ የሌለው፣ ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው በማንም ጥናት ውስጥ የለም። በእኔ መዝገብ ብቻ አለ፤ እሱም በተሳሳተ ስም።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በረዶ ያለበት ሣጥን ይዘው፣ የወረዳ ደብዳቤ ይዘው፣ ለምርምር ደም ለመውሰድ የመጡ ልጆች ነበሩ። በዋርካው ሥር ተቀመጥንና ጠየቅኳቸው። «ደሙን የት ትወስዱታላችሁ? ውጤቱን ማን ያመጣልናል? የተገኘበትን ማን ያክመዋል?» በደንብ አልመለሱልኝም። ከኋላዬ አንድ ሰው «ደማችንን ሊሸጡት ነው» አለ። እኔም አላስተባበልኩም። ተነሥቼ «ሂዱ በሰላም» አልኳቸው፤ መንደሩም ተከትሎኝ ተነሣ። ያን ቀን በጥያቄዬ አልተሳሳትኩም። በሩን መዝጋቴ ግን ስህተት ነበር። የቆሙትን አስቀምጬ፣ ኃላፊያቸውን አስጠርቼ፣ መልሱን እስካገኝ መያዝ ነበረብኝ። ያን ቀን ከተነሡት ጎረምሶች አንዱ ዛሬ በመዝገቤ ውስጥ አለ። ሆዱ ተነፍቶ።

ስለዚህ ነገ ተመራማሪዎች ሲመጡ፣ ከዩኒቨርሲቲም ይሁኑ ከባሕር ማዶ፣ እንደ እኔ አታድርጉ። እንዲሁም እንደ ሕፃን ክንድ ዘርግታችሁ ዝም አትበሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወረቀታቸውን ጠይቁ፤ ትክክለኛ ተመራማሪ ያለዚያ አይንቀሳቀስም። ደሙ ከአገር የሚወጣ ከሆነ በስንት ናሙና፣ ለምን ምርመራ፣ በማን ስምምነት እንደሆነ ይንገሯችሁ። እያንዳንዱ ሰው ውጤቱን በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በአርጎብኛም፣ ለብቻው ይነገረው። የተገኘበት ሰው የት እንደሚከታተልና መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ሳይታወቅ መርፌ አይግባ። ሲጨርሱም ተመልሰው መጥተው ያገኙትን በዋርካው ሥር ያውሩን። ይህን ከመለሱላችሁ ግን ተነሡና የመጀመሪያውን ክንድ እናንተ ስጡ። ሽማግሌው እጅጌውን ሲሰበስብ ያየ መንደር ይከተላል፤ ሲያመነታ ያየውም እንደዚያው።

በእጃችን ያለውን ግን ተመራማሪ እስኪመጣ አንጠብቅም። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይኖራል። ለግርዛት፣ እንጥል ለመቁረጥ፣ ለዋግምት፣ ለንቅሳት ከአንድ ልጅ ወደ ሌላው የሚዞረው ምላጭ በዓይን ንጹሕ ነው፤ የያዘውን አናይም። ያንን ምላጭ ባርከን የምናስጀምረው እኛ ነን። በዚህ ዓመት የልጅ እንጥል ለማስቆረጥ የተዘጋጀ ቤት ካለ ሄዳችሁ አስቁሙ፤ ግርዛቱም ጤና ጣቢያ ይሁን። መድኃኒት አዋቂዎቻችንንም አላዋርድም፣ አባቶቻችን ያመኗቸው ናቸው። ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወደ እነሱ ሲመጣ «መጀመሪያ ተመርመር» ብለው እንዲመልሱ ለምኗቸው። በተጎዳ ጉበት ላይ የሚጠጣ ያልታወቀ ሥር እሳት ላይ ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው።

ስታጋቡም ተጠንቀቁ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ካልታየ አናጋባም ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ይህንንም ጨምሩበት፤ ጋብቻውን ለማፍረስ ግን አታድርጉት። አንዱ ካለበትና ሌላው ከሌለበት፣ የሌለበት በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ተከትቦ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። በዚህ ምክንያት ሽማግሌ ልኮ የተመለሰ ሰው ካለ ያስመለስነው እኛ እንጂ በሽታው አይደለም። መድኃኒት የጀመረውንም አትሙት። እንክብሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከሚወስዱት መድኃኒት አንዱ ስለሆነ ጎረቤት አይቶ ሌላ ስም ያወጣል፤ ያን ፈርቶ መድኃኒቱን ወንዝ ውስጥ የጣለ ልጅ አውቃለሁ። ያለ ሐኪም ምክር በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ቫይረሱ ባንዴ ተነሥቶ ጉበቱን ሊጥለው ይችላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ማን ምን ይዞ እንደሸሸ ታስታውሳላችሁ። መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል እህል እንደምናከማች ሁሉ፣ መድኃኒት ያለው ሰው የወራቱን ቀድሞ እንዲይዝ ንገሩት።

ከሁሉ በላይ የምለው ስለ ወላዷ ነው። ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመርመር። ቫይረሱ በደሟ ከበዛ በእርግዝናዋ ጊዜ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ልጁ ደግሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል፤ በአፍሪካ ግን ያገኙት ሕፃናት ከመቶ 18 ብቻ እንደሆኑ ያ አስቀድሜ ያነሣሁት የ2024 ሪፖርቱ ይናገራል። በ6 ሳምንቱ የሚሰጠው ለዚያች ሌሊት አይደርስም። ቫይረሱ ጡት ማጥባትን አይከለክልም፤ ልጅ እንዳይራብ ይህንም ንገሩ። ቤት የምትወልድ ምራት ያለችው ሰው፣ «የእኛ እናቶች ቤት ወልደው አሳድገውናል» የሚለውን ቃል ከአፉ ያውጣ። እኔን የወለደችኝ እናት ቤት ወልዳ አሳድጋኛለች። ለሁለታችን የሰጠችን ነገር ወንድሜን ቀድሞ ጨረሰው።

የልጄ ሚስት ወሯ ገብቷል። ልጄም ያለበት ሆኖ ተገኝቷል፤ እሷ ገና ውጤቷን አልሰማችም። ሰኞ ጧት በ2 ሰዓት ከእሷ ጋር ወደ አካባቢያችን ሆስፒታል እሄዳለሁ። አዋላጇን የምጠይቃትን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፦ የልደቱ ቀን ክትባት እዚህ አለ ወይ፣ ከሌለ የት ነው፣ ሌሊት ብትወልድስ ማን ይሰጠዋል። እኔም የክትትሌ ስድስት ወር ስለሞላ ደሜን እዚያው ለምርመራ እሰጣለሁ። በመዝገቡ ላይ ያለችውን ጠባብ ቦታ ደግሞ ከመጪው ወር ስብሰባ ጀምሮ ሐኪም ያላየው ሰው ሲሞት «አልታወቀም» ብዬ እሞላታለሁ። «የወፍ በሽታ» ብዬ ዳግመኛ አልጽፍም።